ቀትር ላይ የነጋ ንጋት

እታገኘሁ፣ አለሽ? … ኧረ አትነሽ፣ ተቀመጭ፤ ወንፊትሽን ልመልስ ብዬ ነው ብቅ ያልኩት። እንዴት አደርሽ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? ዘንድሮ የጥር ፀሐይ እንኳ ፈራ ተባ እያለች ነው የምትወጣው። ትናንት ደጅ ያሳደርኩት የባልዲ ውኃ ላዩ ረግቶ ጠበቀኝ። ቁስቋም እንዲህ ከሆነች ወገራማ ምን ሆና አድራ ይሆን … ብቻ ሸጋ ቦታ ነው የያዝሽው፣ ፀሐዩ ላይ። እኔም አንድ አፍታ አረፍ ልበልና እሄዳለሁ።

ልጅሽ ደህና ነው? እሰይ። መኪናውን ጠዋት ስትወጣ አየኋት። በዓይኔ ነው ያየኋት ታዲያ፣ ደጄ ላይ ቆሜ። ዘንድሮ «አየሁ» ያለ ሰው የት ቆሞ እንዳየ ካልተናገረ አይታመንም መሰለኝ፣ ለዚያ ነው።

ወንፊቱን እይው እንጂ። አንድ ጎኑ ላልቶ ነበር፣ በክር አጠበቅሁልሽ። ወንፊት መቼም ሁሉ ነገሩ ቀዳዳ ነው፤ ግን ቀዳዳው ሁሉ ልኩን ያውቃል። ቤት የምታሳማው ልኳን ያላወቀችው አንዷ ናት፤ እንክርዳዱም ጠጠሩም በሷ ሾልኮ ማዕድ ላይ ይቀርባል። ከዚያ ማን ይሰደባል? የነፋችው ወይስ የጋገረችው? … እሺ፣ ኋላ ታይዋለሽ።

እኔን እንኳ ያመጣኝ ሌላ ነው። ፍሬን ታውቂያት የለ? እኔ ጓሮ የተከራየችው፣ መነጽር የምታደርገው ቀጭኗ። ባለፈው ስልክሽ ተዘግቶ አልከፈት ሲልሽ እዚህችው ደጃፍሽ ላይ ቁጭ ብላ የከፈተችልሽ። «ምን ላድርግልሽ ልጄ» ስትያት «ምርቃት ይበቃኛል እትዬ» ያለችሽ። እሷ ናት። ዕቃዋን እየሰበሰበች ነው። መጻሕፍቷን በማዳበሪያ ከረጢት አስገብታ አፉን ስትሰፋ ደረስኩባት። «ምነው ልጄ?» ብላት ሳቅ አለች። ሳቅ ግን ሁልጊዜ ሳቅ አይደለም፣ አንቺ ታውቂያለሽ።

የምትሠራበት ቤት ለገበሬ ሳጥን የሚሠራ ቤት ነው። ያ ነጭ ሽንኩርት ማሳ ላይ የሚተከለው፣ ከፀሐይ ባትሪውን የሚሞላው። ጎህ ሲቀድ ይነሣና አፈሩን «ጠማህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጠማኝ ካለው ውኃውን ከፍቶ ያጠጣዋል። እኔ ያልተማርኩት ሰው እንዴት ይህን አወቅሽ እንዳትይኝ፤ ፍሬ ናት ደጄ ላይ ቁጭ ብላ ያስረዳችኝ። ሳጥኑ ውስጥ አፈር የምታዳምጥ አንዲት ትንሽ ዕቃ አለች አሉ። እሷን የሚያናግራት ጽሑፍ ደግሞ «ድራይቨር» ይባላል። እኔ የማውቀው ሹፌር የባጃጅ ነው፤ ይሁን ብዬ ሰማሁ።

«እትዬ፣» አለችኝ፣ «ዕቃዋ የምትሰማው ምት ሲመታላት ብቻ ነው። ድራይቨሩ መጀመሪያ ምቱን ያስጀምራል፣ ይጠይቃታል፣ ስትመልስለት ምቱን ያቆማል።»

እንደ ማኅሌት ከበሮ ነው በይው። ያለ ከበሮ ወረቡ አይሄድም፤ ወረቡ ሲያልቅ ደግሞ ከበሮው ዝም ማለት አለበት።

«ችግሩ፣» አለች፣ «ብርድ ሲጠና ዕቃዋ አትመልስም። ድራይቨሩም ተስፋ ቆርጦ ይወጣል፤ ምቱን ሳያቆም።»

ገባሽ? በሩን ከፍቶ ገብቶ፣ ሰው ሲያጣ በሩን ብርግድ አድርጎ ትቶ የሚሄድ እንግዳ በይው። ካህናቱ ሁሉ ቤታቸው ገብተው ከበሮው ብቻውን ይደለቃል፤ ሲደለቅ ይውላል፣ ሲደለቅ ያድራል፣ ፀሐይ ከምትሞላው በላይ እየበላ፣ ባትሪው እስኪያልቅ። ባትሪ ካለቀ ውኃ የሚከፍት የለም። ልጂቱ ይህን አገኘች፤ «መልስ ስታጣ ምቱን አቁመህ ውጣ» ብላ አስተካክላ ጻፈች። ጎበዝ አይደለች?

እዚያ ቤት ደግሞ ሕግ አላቸው፤ ሕጉን ወድጄዋለሁ። የጻፈ ሰው ለገዛ ጽሑፉ ምስክር አይሆንም። ሌላ ሰው አይቶ፣ መርምሮ፣ «አይቻለሁ» ብሎ ስሙን ካላኖረበት ጽሑፉ ወደ ገበሬው አይሄድም። ልክ ናቸው። አንቺስ ወለቃ ወርደሽ ጋን ስትገዢ በጣትሽ አንኳኩተሽ፣ ጆሮሽን አስጠግተሽ አይደለም? ሻጯ «ደህና ነው» ስላለችሽ ብቻ ተሸክመሽው ትመጫለሽ?

ለዚህ ምስክርነት የታጩት አንድ ትልቅ ሰው ናቸው። ስማቸውን … ኧረ ምን አስጠራኝ፣ የትልቅ ሰው ስም እንደዋዛ አይነሣም። አንቺም አታውቂያቸው። የቤቱ አለቃ ናቸው፤ የእጅ ሰዓታቸው ብቻዋን የስኒ ማስቀመጫ ታክላለች። እዚህ ዳገት ላይ ቁምጣ ለብሰው ጎማ ሲያንከባልሉ … አይ፣ ያ ሌላ ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ልጅ ሆኖ አያውቅም፤ እንዲሁ ከነከረባቱ ይወለዳል እንጂ።

ፍሬ ቢሯቸው ገብታ ለመነቻቸው። «ኢንጂነር፣» አለቻቸው፣ «ያላየሁት ሌላ መውጫ ሊኖር ይችላል፤ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ አይታወቅም። ከአምባ ጊዮርጊስ በላይ፣ ውርጭ ላይ፣ ጎህ ሲቀድ አንዴ ቆመው ይዩልኝ።» እሳቸውም «እሺ» አሉ። መቼም ቃላቸው ቃል ነው። «እሺ» ለማለት ሰው አያስለምኑም፤ ለዚህ ለዚህማ ቸር ናቸው።

የተላኩት ወደ ማን መሰለሽ? ወደ አክስቴ ልጅ፣ ወደ አያ ሙሉሰው። ያን ነጭ ሽንኩርቱን በየዓመቱ የማካፍልሽ፤ «እንዲህ ያለ ሽታ ከየት ይመጣል» የምትይኝ። እሱ ማሳ ላይ የመጀመሪያው ሳጥን ተተክሏል። እንግዳው ጎህ ሲቀድ ይመጣሉ ተብሎ ማልዶ ወጣ፤ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ቆፈን ጣቱን ይዞት፣ ማሳው ዳር ቆመ። ጎህ ቀደደ። ውርጩ በሽንኩርቱ ቅጠል ላይ እንደ ጨው ነጭ ብሎ ታየ … ቀለጠ። ከብቶቹ ወጡ። ሴቶቹ ገበያ ሄዱ፣ ገሚሶቹም ተመለሱ። ፀሐይ መሐል አናት ላይ ስትደርስ፣ አያ ሙሉሰው ጋቢውን አውልቆ ጥላ ፍለጋ ሲሄድ፣ መኪናቸው ከች አለች።

ምናልባት «አሥራ ሁለት ሰዓት ይሁን» ሲባሉ የፈረንጁ መስሏቸው ይሆናል ትይኝ ይሆናል። እኔም ለሳቸው ብዬ እንደዚያ አሰብኩ። እውነትም እዚያ ቤት በፈረንጅ ሰዓት ነው አሉ የሚያወሩት። ግን እታገኘሁ፣ ሰዓቱስ የፈረንጅ ይሁን … ፀሐይዋስ የማን ነች?

አያ ሙሉሰው መቼም ሰው አክባሪ ነው። «ጌታዬ፣» አላቸው፣ «ውርጩን ፈልገውት ከሆነ አሁን ሄዷል። ነገ ማለዳ አይቀርም፣ ይመለሳል። እዚሁ ይደሩ፣ መደብ አለ፣ ቁርበት አለ።» ምን አደረጉ ታዲያ? ሳቁ። ኮምፒውተራቸውን ከሳጥኑ ጋር አገናኙና ሳጥኑ ጊዜ የሚያይበትን ሰዓት ወደ ኋላ መለሱት። «አሁን ለሱ ነግቷል» አሉ።

ሰማሽኝ? ቀትር ላይ አነጉት። ኢያሱ ፀሐይን አቆመ ሲባል ስንት ዘመን ሰማን፤ እሱ እንኳ ጸልዮ ነው። እኒህ በጣታቸው። እንዲህ ያለ ሰው ያፈራ ሰፈር፣ ወይ መታደል …

አያ ሙሉሰውም ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየና «ለሷም ይንገሩልን ጌታዬ፣ አልሰማች ይሆናል» አለ።

ሳጥኑ ምን ያድርግ፣ ነጋ ሲሉት ተነሣ። አፈሩን ጠየቀ። አፈሩም ሞቆታል፣ አንደበቱ ተፈትቷል፤ ጥርት አድርጎ መለሰ። ውኃው ተከፈተ። ፍሬ አስተካክላ የጻፈችው መስመር ምን ሠራ? ምንም። ዕቃዋ ዝም ስትል ምን እንደሚደረግ ሊታይ ተኪዶ፣ ዝም ባላለችበት ሰዓት ታየ። አልቃሽ እንዴት እንደምታለቅስ ለማየት ሠርግ ቤት መሄድ ነው። ከዚያ ምሳ ቀረበ፤ ጾም ነበርና ድንች ቅቅል በአዋዜ፣ ጠላ። ያንንስ አየት አየት አድርገዋል። ሳህኑን ሥሩ ድረስ ነው የመረመሩት አሉ፣ የቀረ ነገር እንዳይኖር።

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባል የለ? ያላዩት ንጋት ግን ይመሰከርለታል። «ጎህ ሲቀድ፣ ብርድ ላይ አይቻለሁ፤ ችግር የለበትም» ብለው ስማቸውን አኖሩበት። ጽሑፉ በየሳጥኑ ገባ፣ ሳጥኑም ለወገራ ገበሬ ታደለ።

ያኔማ ምስጋናው ሌላ ነበር። ታስታውሻለሽ በእመቤታችን ጽዋ ላይ? አንዲት እናት ዳቦውን እየቆረሰች «ያን የገበሬ ሳጥን ከሞት ያዳነው የኔ ልጅ ነው፣ ውርጭ ላይ ቆሞ፣ ከንፈሩ እስኪሰነጠቅ» ብላ ስታጫውተን … ማን ነበረች? ካንቺ አጠገብ ነበርሽ … ነበረች ልበል። እርጅና ነው፣ መልኳ ጠፋኝ። እኔ እንኳ እልል ብያለሁ። ዳቦው ጥሩ ነበር።

ከዚያ ያልተቀጠረው ንጋት መጣ፤ የእግዜሩ። የታኅሣሥ ውርጭ ወገራ ላይ ምን እንደሚመስል አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እናትሽ አገር ነው። ዕቃዋ ዝም ብትል እኮ ደግ ነበር፤ የፍሬ መስመር ይይዛታል። ዝም አላለችም። ብርድ እንደያዘው ሰው ተንተባተበች፤ ግማሽ ቃል መለሰች። ድራይቨሩ ግማሽ ቃል ሲሰማ ግራ ገባውና በሌላ በኩል ወጣ … በዚያ በኩል ደግሞ ምቱን የሚያቆም አልነበረም። ልጂቱ «ያላየሁት መውጫ» ያለችው እሱን ነበር። አንድ ማለዳ ቢቆሙ ፊት ለፊታቸው ነበር። ከበሮው ሲደለቅ ዋለ፣ አደረ፤ ባትሪው አለቀ፤ ውኃው እንደተዘጋ ቀረ።

አያ ሙሉሰው «ሳጥኑ ያጠጣልኛል» ብሎ፣ ታምኖ፣ አራስ ልጁን ሊጠይቅ ደባት ሄዶ ነበር። ሲመለስ ሽንኩርቱ እንደ አሮጌ የሣር ክዳን ደርቆ ተኝቷል። የጎረቤቶቹም ማሳ እንደዚያው። ለከርሞ ዘር ብሎ የለየው ሁሉ ሄደ። ያለፈው ቅዳሜ እኔ ቤት መጥቶ ምን ይለኛል መሰለሽ? «ሰውዬው ንጋትን ወደ ኋላ መመለስ ይችላሉ፤ ሽንኩርቴንስ ወደ ኋላ ይመልሱልኝ እንደሁ ልጠይቅ ብዬ ነው የመጣሁ።» ቀልዱን ነው። ቀልዱን ነው፣ ግን የቀረበለትን አልበላም።

ስብሰባ ተጠራ እንግዲህ። «ይህን ማን አየው?» ተባለ። ሁሉም ወደ እሳቸው ዞረ። እሳቸውም ተነሡ፤ ከረባታቸውን አስተካከሉ፤ «እኔ ላይ ላዩን ነው ያየሁት፤ ብርድ ላይ መፈተን የጻፈችው ሰው ፋንታ ነበር» ብለው ተቀመጡ። እንዴት ያለ ጨዋነት ነው። የሰው ሥራ ላለመንካት ብለው እኮ ነው ያላዩት። ምስጋና ሲታደል ዓይናቸው የንስር ነበር፤ ወቀሳ ሲታደል ሞራ ወረደባቸው። እንዲህ ያለው የዓይን ሕመም፣ መጥቶ የሚሄደው፣ ጠበል ነው የሚሻለው ይላሉ። እኔ አላውቅም።

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ ይባላል። እሳቸውን እንዲህ ብሎ ማማት ግፍ ነው፤ አድልዎ የለባቸውም፣ ሳሩንም አላዩት።

እና ሰኞ ፍሬን ሊያሰናብቷት ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚሉት እንዲህ ሲሆን ነው። በዚህ ስም ከወጣች ሌላ ቦታ ማን ይቀጥራታል? የመጀመሪያ ሥራዋ ነው። አባቷ ጭልጋ ሆኖ «ልጄ ማሽን ታናግራለች» እያለ ለአገር ያወራል። ምን ብላ ትገባለች? ደግሞ የሚገርመኝ፣ ልጂቱ አልካደችም። «መውጫውን ያላየሁት እኔም ነኝ እትዬ። ሰው ሲጽፍ የራሱን ስህተት አያየውም፤ ለዚያ ነው ሌላ ዓይን የሚያስፈልገው። እንዲያዩልኝ ጠይቄ ነበር» አለች። ይኸው ነው ያለችው። ስማቸውን እንኳ አላነሣችም። እኔም አላነሣሁም፣ ይኸው እያየሽኝ።

ማን ይመስክርላት? አያ ሙሉሰው ልሂድ ብሎ ነበር። «ገበሬ ስለ ድራይቨር ምን ያውቃል» ይሉታል ብዬ አስቀረሁት። እውነቱን የሚያውቁት አንድ ሰው ናቸው። «የሄድኩት ቀትር ላይ ነበር» ቢሉ አበቃ። ከሥራቸው አይወጡ፣ አለቃ ናቸው፤ ቢበዛ አንድ ቀን ቢያፍሩ ነው። ግን ሰው እንዴት ለአንዲት ተከራይ ብሎ ፊቱን ያቀላል? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉን ነበር የድሮ ሰዎች። እንግዲህ ንጋቱ እንደተፈለገ የሚዞር ከሆነ እውነትስ ለምን ትቸኩላለች …

እኔ የምለው፣ እናት የላቸውም ይሆን? እናት እኮ ናት ጭን የምትቆነጥጥ። ሃያ ዓመት ይለፈው ሠላሳ፣ ከረባት ይሰር ካባ ይልበስ፣ እናት «ና ወዲህ» ካለች ይመጣል። የት እንደምትኖር ባውቅ ሄጄ ደጇ ላይ ቁጭ ብዬ፣ እንዲህ ፀሐይ እየሞቅሁ፣ አጫውታት ነበር። ምናልባት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ … ስትመለስ፣ ለልጇ አንድ ነገር ትለው ነበር። አንቺ የምታውቂያት ከሆነ ንገሪልኝ። ገና ቅዳሜ ነው፣ ጊዜ አለ። ካለቀባትም ልጇ ሰዓቱን ወደ ኋላ ይመልስላታል።

በይ ልሂድ፣ አዋልኩሽ። … ምነው ፊትሽ? ፀሐዩ በርትቶብሽ ነው? ገባ በይ፣ ገባ በይ። … ወንፊቱን ሰቀልሽው? ደህና ነው አልሽ? ሳታይው? … እንዲያ ነው። ምን ያስገርመኛል፤ ወራጁ ውኃ ምንጩን ይመስላል አሉ።

እንግዲህ ቁስቋም እመቤቴ ትጠብቅሽ። ልጅሽን ይባርክልሽ፣ ወግ ማዕረጉን ያሳይሽ፣ እንደዚያ እንደ ትልቁ ሰው አንቱ ያሰኝልሽ። ለአንቺም ዕድሜ ይስጥሽ፤ ረጅም ዕድሜ፣ እርጅናሽ ያማረ። ጉልበትሽ ሲደክም፣ እንዲህ ፀሐይ ላይ የሚያወጣሽ ሰው ስትሺ፣ ውርጭ በወረደበት ማለዳ ከአልጋሽ ሆነሽ «ልጄ፣ እየኝ» ብለሽ ስትጣሪ … ያ ሰው የአያ ሙሉሰውን ሳጥን ባየበት ዓይን ልጅሽ ይይሽ።

አሜን በይ እንጂ።